ስትሮክ ለያዛቸው አጎቴ ቤት ውስጥ ማገገሚያ ስንሠራ፦ ከኅዳር እስከ መጋቢት

ኅዳር አጋማሽ፦ ከሆስፒታል መልስ

አጎቴ ስልሳውን አልፈዋል። ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው፤ አስፋልቱን ለቆ በባጃጅ ጥቂት ይኬድና የቀረው ዳገት በእግር ነው። ስትሮክ የያዛቸው በጥቅምት መጨረሻ ነበር። መጀመሪያ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸላቸው፤ ሆስፒታል የደረሱት በማግስቱ ነው። ሲቲ ስካኑ በቀኝ በኩል ያለ የአንጎል ደም ቧንቧ በረጋ ደም መዘጋቱን አሳየ። ቀኝ አንጎል የሚያዘው ግራውን አካል ስለሆነ ግራ እጅና ግራ እግራቸው ከዱ። አፋቸው ትንሽ ተጣሟል፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፤ ቃል ግን አልጠፋባቸውም።

ከደሴ ሆስፒታል ሲወጡ በሳምንት ሦስት ቀን ለፊዚዮቴራፒ፣ ለእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ተመላለሱ ተባልን። ሒሳቡን ሠራሁት። ከቤት እስከ ባጃጁ በቃሬዛ፣ ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ በኮንትራት፣ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል ደግሞ ሌላ ባጃጅ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። የሚያስቸግረው አስፋልት ላይ ከመድረሳችን በፊት ያለው ነው። ደርሶ መልሱ ከነደጋፊው 1,500 ብር አካባቢ ይበላል። ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች ደግሞ ማሽላ አጨዳ ላይ ናቸው። በሳምንት ሦስቴ የሚባለው ነገር እዚያው ቀረ።

ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ሌላ ነገር ተስማማን። በወር አንዴ እንወስዳቸዋለን፤ በመሀል ቪዲዮ በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ እሷ እያየች ታርማለች። እኔ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ነው የምሠራው፤ የሚሠራ ዕቃ ካለ የኔ ድርሻ ነው። የየቀኑን ሥራ አክስቴና አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ያዙት። ማስታወሻውን የያዝኩት ስልኬ ላይ ነው፤ እንዳለ እየገለበጥኩ ነው።

ሴትዮዋ ግልጽ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንጎል የተጎዳውን ክፍል ሥራ በሌላው ለማካካስ በጣም የሚተጋበት ጊዜ ስለሆነ ቀን አታባክኑ አለች። ወዲያው ደግሞ ሞራሌን ሰበረችው። ሕንድ ውስጥ ቤተሰብ ሠልጥኖ ቤት ውስጥ ማገገሚያ እንዲሠራ ተሞክሮ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ነው፣ 1,250 ሕሙማን ነበሩበት። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ቤተሰባቸው የሠለጠነላቸው ሰዎች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም።

«ታዲያ ለምን ታደክሚናለሽ?» አልኳት።

«አንዴ አሳይቼ ብልካችሁ እንደማይበቃ እንድታውቅ ነው። ቪዲዮውን ከረሳህ እኔም ረስቼሃለሁ።»

ኅዳር መጨረሻ፦ ከብየዳው በፊት

እኔ ብረት ለመቁረጥ ተዘጋጅቼ ነበር። መጀመሪያ የታዘዝኩት ግን ብረት የማይነካ ሥራ ነው።

ውሃ ሲጠጡ ያስላቸው ነበር። አክስቴ ጉንፋን መስሏት ዝንጅብል ታፈላለች። ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚወርድ የደከመ ጉሮሮ ሳይቀድመው ወደ ሳንባ ይገባል፣ ሳንባ ምችም ያመጣል አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጡ አደረግን። ተጋድመው መጠጣት ክልክል ሆነ። ወፈር ያለ አጥሚት ያለ ምንም ሳል ሲወርድላቸው ነገሩ ገባን። ውሃውን በማንኪያ አደረግነው። ታኅሣሥ ሲገባ ሳሉ ለቀቃቸው።

ሁለተኛው ትከሻቸው ነው። ማንም የመጣ ሰው ሊያነሳቸው ሲል ግራ እጃቸውን ይዞ ይጎትታል። ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከመጋጠሚያው ወረድ ብሏል፤ በጣት ሲዳሰስ ጎድጓዳ ይገኛል። በጎተቷቸው ቁጥር ይብስበታል። እዚያ ላይ የሚጀምር ሕመም ወራት ሙሉ እንቅልፍ ይነሳል። መፍትሔው የአክስቴ መቀነት ሆነ። ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገን ጠመጠምነው፤ ሰው የሚይዛቸው በመቀነቱ ብቻ ነው። ሆስፒታል ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀበቶ አይቻለሁ፣ መቀነቱ ይበልጣል፤ ሰፊ ነው፣ አይቆርጥም። ሲቀመጡ ክንዳቸው ከታች ትራስ ይገባለታል። በነጠላ አንገት ላይ ማንጠልጠሉ ለሚቆሙበት ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከታሰረ እጁ እዚያው ታጥፎ ይደርቃል።

ሦስተኛው አልጋ ነው። የጠፍር አልጋው መሀሉ ሰርጉዷል። ከዚያ ላይ ለመነሳት ጤነኛም ሁለት ጊዜ ይሞክራል። ሳንቃ ገዝቼ ከፍራሹ ሥር አነጠፍኩ፣ 1,100 ብር። ከፍታውን ለመጨመር ብሎኬት ከእግሮቹ ሥር ብናደርግ አልጋው ሲነቃነቅ ሊንሸራተት ሆነ። ሱቅ ካለ ቁርጥራጭ ላሜራ የአልጋው እግር የሚሰምጥባቸው ኩባያዎች በይጄ ብሎኬቱ ላይ አሰርኳቸው። ብሎኬት 180 ብር። ልኩ እንዲህ ነው፦ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ ተረከዛቸው መሬት ይነካል፣ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ትንሽ ዝቅ ይላል። በዚህ ከፍታ ግማሽ ሥራው ቀለለ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ ግማሽ እንጀራ

ይህን ማንም አልነገረንም ነበር። አጎቴ ሲበሉ የትሪውን ቀኝ ብቻ ይበላሉ። በግራ በኩል ሽሮውም ጎመኑም እንዳለ ተቀምጧል። «ወጥ የለም እንዴ?» ይላሉ። ትሪውን ዞር ሳደርገው፣ አሁን የመጣ ምግብ ይመስል ቀጠሉ።

ዓይናቸው ደህና ነው። ቀኝ አንጎል ሲጎዳ በግራ በኩል ያለው ዓለም ልብ ሳይባል የሚቀርበት ሁኔታ እንዳለ ፊዚዮቴራፒስቷ አስረዳችኝ። ለካ በሩን ሲያልፉ ግራ ትከሻቸው መቃኑን የሚመታው ለዚህ ነው። ልጃቸው «አባዬ» ብላ በግራ በኩል ስትጠራቸው በቀኝ የሚፈልጓትም ለዚሁ ነው።

አልጋቸው በሩን በቀኝ አድርጎ የተዘረጋ ነበር። የመጣ ሁሉ በቀኝ ገብቶ በቀኝ ይቀመጣል። አዞርነው። ወሎ ጠያቂ አያልቅበትም፤ ከኅዳር ጀምሮ ይህ ቤት ያለ እንግዳ ያደረበትን ቀን አላስታውስም። አክስቴ ሕግ አወጣች፦ ጠያቂ ሁሉ በግራ ይቀመጣል፣ ቡናም በግራ ይቀርባል። መጀመሪያ ሰው ቅር እያለው ነበር የሚቀመጠው፤ ወደ ግድግዳ የተገፋ እየመሰለው። ምክንያቱ ሲነገረው ግን ሁሉም አስታማሚ ሆነ። ሽማግሌ ሁሉ ስኒውን በግራ ይዞ «አብሽሩ፣ ወዲህ ይዩ» ይላል።

ልጅቷ ደግሞ ትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አሰረች። «ቀዩን ሳያዩ አልጨረሱም» ትላቸዋለች። ጥር ላይ ራሳቸው ቀዩን መፈለግ ጀመሩ።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ ወረቀቱ አልሠራም

ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችን የልምምድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቁጭ ብድግ፣ ክብደት ወደ ግራ እግር ማዛወር፣ ቁርጭምጭሚት ማንሳት፣ እያንዳንዱ ጠዋትና ማታ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን ማንም አያስታውሰውም። አክስቴ ከብት፣ ውሃ፣ እንጀራ አለባት። እሳቸውም አይወዱትም። «ሰው ሥራ ፈቶ ቁጭ ብድግ ይላል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ቪዲዮው የተነሳው ለማስመሰል መሆኑን ፊዚዮቴራፒስቷ ነቃችበት። የምትለካውም አልተለወጠም። «ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጡ የሚያደርጉት ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሰላት ነው። በተኙበትም በዓይናቸው ጥቅሻ ሲሰግዱ ነበር። የሰፈሩ ሼህ መቆም የማይችል ተቀምጦ እንዲሰግድ እንደሚፈቀድ ነግረዋቸው ተረጋግተዋል። እኛ ቁጭ ብድግን ከሰላቱ በፊት አስገባነው። ውዱዕ ካደረጉ በኋላ፣ ሶላቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው አሥር ጊዜ ይነሳሉ ይቀመጣሉ። በቀን አምስት ሰላት፣ አምሳ መነሳት። አቆጣጠሩ በሙስበሃ፣ በመቁጠሪያቸው፣ ሆነ፤ አንድ ሲነሱ አንድ ፍሬ ይገፋል። መጀመሪያ የምትገፋው አክስቴ ነበረች።

ውዱዑ ራሱ ልምምድ ነው። ቀኝ እጅ ግራውን ክንድ ይዞ እስከ ክርን ያጥባል፣ በጣቶቹ መሀል ይገባል። የተረሳው እጅ በቀን አምስት ጊዜ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ስትሰማ ወረቀቱን ከግድግዳ አውርዱት አለች። ሲወርድ ያዘነ የለም።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ባር

በመጨረሻ ወደ ሙያዬ። ፓራለል ባር፣ ግራና ቀኝ እየተደገፉ መራመድ የሚለማመዱበት ጥንድ አግዳሚ፣ በቧንቧ ብረት ልሠራ አስቤ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ብረቱ ብቻ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። የባሕር ዛፍ አጠና እዚያው መንደር 200 ብር ነው። ስድስት ወሰድኩ፣ 1,200 ብር። አራቱ ቋሚ፣ ሁለቱ አግዳሚ። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል፣ በመሀሉ ያለው ክፍተት 60 ሳንቲ ሜትር። ከፍታው፣ ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ የእጃቸው አንጓ ላይ ይደርሳል፤ ሲይዙት ክርናቸው ትንሽ ይታጠፋል።

ቅርፊቱን ልጬ በአሸዋ ወረቀት ጨርሼውም ስንጥሩ አልጠፋም። የሳይክል የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቆርጬ ጠመጠምኩበት፣ ያዝ ማድረጉም ተሻለ። ቋሚዎቹ ግን ግማሽ ሜትር ገብተውም ይወዛወዙ ነበር፤ የሰፈር ልጆች በአንድ ቀን ዥዋዥዌ አድርገውታል። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ 800 ብር። ከዚያ በኋላ ፍየልም ቢታሰርበት አይነቃነቅም። ይታሰርበታልም።

ቪዲዮ ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ «እጃቸው እየጎተተ ነው፣ እግራቸው እየሠራ አይደለም።» ደግሜ አየሁት፣ ልክ ናት። ቀኝ እጃቸው አጠናውን ጨብጦ መላ ሰውነታቸውን ወደ ቀኝ ስቦታል፤ ግራ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይከተላል። የሰጠችው ዘዴ ቀላል ነው። አይጨብጡ። መዳፋቸውን ዘርግተው አግዳሚው ላይ ብቻ ያሳርፉ። በተዘረጋ መዳፍ መጎተት አይቻልም፤ ክብደቱ ወደ እግር ሳይወድ በግድ ይመለሳል። የዚያን ቀን ግራ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትንሽ ላብም ወጣቸው። እሷ ግን ደስ ብሏታል። እየሠራ ነው ማለት ነው አለች።

ጉልበቱ አንዳንዴ ወደ ኋላ ጥርቅ ይላል። ይህ ሲደጋገም መጋጠሚያውን ይጎዳል። አክስቴ ከኋላ በመቀነቱ ይዛ «ለስለስ» ትላለች፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ትንሽ አጠፍ ያደርጋሉ። የግራው አግዳሚ ለጊዜው ጥቅም የለውም። ነቅለን በሩ ደጅ ለመያዣ አዋልነው። የበሩ ደፍም ከፍ ያለ ስለነበረ በድንጋይና በጭቃ ተዳፋት ሠራንለት፤ ሲርስ እንዳያንሸራትት ላዩ ላይ ጠጠር።

ሽንት ቤቱን በአጭሩ፦ ቁጢጥ ማለት አይችሉም። የላስቲክ ወንበር መሀሉን ቆርጠን ሞከርን፣ እግሮቹ ይንሸራተታሉ። በሳንቃ ሣጥን ሠርቼ መቀመጫውን በመጋዝ ከፈትኩ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩ፣ በቀኝ በኩል መያዣ ብረት ግድግዳው ላይ አሰርኩ። 950 ብር። ከሁሉም በላይ ደስ ያላቸው ሰው ሳይጠሩ በሄዱበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ባሩን ያን ያህል አላወደሱትም።

ጥር፦ ዕርፍ

እግሩ ሲሻሻል እጁ ወደ ኋላ ቀረ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው ተባልን፤ እግር ቀድሞ ይመለሳል፣ ጣት ይዘገያል። ሌላም ነገር አለ። የሚበሉት በቀኝ፣ ሰላም የሚሉት በቀኝ። «ግራው ምን ሊያደርግልኝ ነው?» ይላሉ። ቤተሰቡም በልቡ እንዲሁ ነው የሚያስበው።

መስታወት ሞከርን። በመጀመሪያ እጅ ወይም እግር ለተቆረጠባቸው ሰዎች ሕመም የተፈለሰፈ ዘዴ ነው፤ ለስትሮክ ሙከራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መስታወቱ ደረት ፊት ለፊት ይቆምና ግራው እጅ ከጀርባው ይደበቃል። ቀኙን እያዩ ጣት ሲያጥፉ ሲዘረጉ ግራው የሚንቀሳቀስ ይመስላል፤ አንጎልም ይህን ያያል። መስታወት 450 ብር። አጎቴ መጀመሪያ ሳቁ። «የማንን እጅ ነው የምታሳየኝ?» ከመግሪብ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እየሠሩ ግማሽ ጥር ቆዩ፤ የአውራ ጣቱ ሥር ፈቀቅ አለ። መስታወቱ ይሁን ጊዜው፣ አልፈርድም። ልጅቷ ጠዋት ፀጉሯን ስትሠራበት መስታወቱ ከቦታው አይገኝም፤ ይህም አንዱ ችግር ነው።

ቀኙን እጅ አስሮ ግራውን በግድ ማሠራት የሚባል ዘዴም አለ፤ ስለሱ አንብቤ ጠየቅኋት። አንጓና ጣታቸው በራሱ ትንሽ ወደ ላይ መዘርጋት ካልቻለ አይሠራም፣ እሳቸው ገና ናቸው አለች። ደግሞ በዚህ ዳገት ላይ ደህናውን እጅ አስሮ መሄድ መውደቅ ነው።

ስፕሊንት፣ አንጓና ጣት ዘርግቶ የሚይዝ ድጋፍ፣ ሠራሁ። የአራት ኢንች ፒቪሲ ቁራጭ ደጅ ላይ ከሰል ላይ ይሞቃል፤ ሽታው መጥፎ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ሲለሰልስ በእኔ ክንድ ላይ ጨርቅ አድርጌ ቀረጽኩት። አንድ ሌሊት አድረውበት አንጓቸው ላይ ቀይ ምልክት ወጣ። ጠርዙን ወደ ውጭ አጠፍኩት፣ ጥጥ ገባበት። ፊዚዮቴራፒስቷ አልተደነቀችም። «ስፕሊንት ብቻውን እጅ እንዳይኮማተር አያደርግም፣ እኔ የምፈልገው እጁ ሥራ እንዲያገኝ ነው» አለች።

ሥራውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጓዳ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን አሮጌ ዕርፍ አይተው ስጠኝ አሉኝ። በእርሻ ቀኙ ጅራፍ ይይዛል፣ ዕርፉን የሚጨብጠው ግራ እጃቸው ነው። አርባ ዓመት ያህል መሬት የወጋው ይኸው እጅ ነው። ግራ መዳፋቸው ዕርፉ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ ቦታቸውን የሚያውቁ ይመስል ዙሪያውን ከበቡት። መጨበጥ አይባልም፣ ግን ከበቡት።

የዕርፉን ታችኛ ጫፍ ብረት አልብሼ ከባሩ ቋሚ ጋር በማጠፊያ አያያዝኩት። ከሥሩ የውስጥ ጎማ ታስሯል፤ ወደ ታች ሲጫኑት ይስባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ጎማውን በማጥበቅ ክብደቱ ይጨምራል። ለዚህ ምንም ብር አላወጣሁም። አሁን ግራው ምን ሊያደርግልኝ ነው የሚል የለም። ችግሩ ተገልብጦ ማቆም አልቻሉም፤ አብዝተው አንጓቸው አብጦ ነበር። በሰላት መሀል አንዴ ብቻ ተብሎ ተገደበ።

ከዚያ በቆሎ ፍልፈላ መጣ። ግራው ቆረቆንዳውን ይይዛል፣ ቀኙ ይፈለፍላል። አክስቴ በቆሎውን ሆን ብላ በግራ በኩል ትከምረዋለች። የእጁንም ልምምድ ግራውን መርሳቱንም በአንድ ሥራ አገኘችው።

የካቲት፦ ግፊት፣ ጨውና ጾም

ይህ ከሁሉ ይቅደም ይገባው ነበር፤ ተሳክቶ የተስተካከለው ግን አሁን ነው። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ አጠናውም ዕርፉም ከንቱ ነው።

የደም ግፊት መለኪያ 3,900 ብር ገዛሁ። አለካኩን ያስተማረችን የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ መለኪያውንም ከሷው ጋር አስተያየነው። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ጀርባ መደገፍ፣ ክንድ በልብ ልክ ማሳረፍ፣ በደህናው ክንድ መለካት፣ ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት መቆየት። መጀመሪያ 168/98 አነበብን። ሐኪሙ ከ130/80 በታች እንዲሆን ነው የሚፈልገው።

መድኃኒቱስ? ልጅቷ ፍሬዎቹን ቆጥራ ያልተዋጡ አገኘች። «እግሬ እየተሻለው ነው እኮ» አሉ። ግፊት ሳያሳምም የሚገድል መሆኑን ማስረዳት ባር ከመትከል ይከብዳል። መድኃኒቱ ከፈጅር ሰላት ጋር ተያያዘ፣ ከዚያ ወዲህ አልተረሳም።

ጨዉ የት እንዳለ ስንፈልግ ወጥ ውስጥ ብቻ አልነበረም። እዚህ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው፣ አቦል ቶና በረካ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። አክስቴ ለሳቸው ብቻ ያለ ጨው ቀዳች። ፊታቸውን አጨማደዱ። ጤና አዳም ጣል ስታደርግበት ዝም አሉ። ጫቱ ግን ሌላ ድርድር ነው። ጫት ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስሮጣል። ሐሙስ ሐሙስ ከጓደኞቻቸው ጋር ወዳጃ፣ ጫት እየተቃመ ዱዓ የሚደረግበት ስብስብ፣ ላይ ይቀመጡ ነበር። አሁንም ይቀመጣሉ፣ ዱዓውን ይላሉ፣ ፊታቸው ያለውን ለጎረቤት ያሳልፋሉ። አንዳንዴ አንዲት ቀንበጥ እንደምትቀር አውቃለሁ።

ረመዳን ገባ። ሕመምተኛ ነዎት፣ አይገደዱም ብንል አልሰማም አሉ። ራሳችን ከመወሰን ደሴ ወስደን ሐኪሙን አስጠየቅናቸው። ሐኪሙ ዘንድሮ አይጹሙ አላቸው፤ ሼሁም የሐኪሙን ቃል ደገፉ። በእያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ማብላት ሆነ። አልወደዱትም፣ ተቀበሉት። የወሩ መጨረሻ ንባብ 136/84።

መጋቢት፦ በረባሶ

ግራ እግራቸው ሲራመዱ ጣቱ ወደ ታች ይወድቃል፣ ድንጋይ ላይ ይጠለፋል። ነጠላ ጫማ ደግሞ ከእግራቸው ይወልቃል፤ መውለቁንም አያውቁትም። በረባሶ ገዛሁ፣ 350 ብር። ተረከዙ ላይ ማሰሪያ ስላለው አይወልቅም። ከፊት ማሰሪያው ላይ የውስጥ ጎማ ቁራጭ አሰርኩ፣ ሌላውን ጫፍ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ባለ ሰፊ ጨርቅ ላይ። እግር ሲነሳ ጎማው ጣቱን ወደ ላይ ይይዘዋል። መጀመሪያ አጥብቄው ውስጥ እግራቸውን ፋቀው፤ ጨርቁ ሥር ካልሲ ከገባ በኋላ ደህና ሆነ።

ምርኩዙ የራሳቸው ነበር፣ ረዘመ። የእጅ አንጓ ድረስ እንዲሆን ቆረጥኩት፣ ጫፉ ላይ የጎማ መዳፈኛ 120 ብር። ምርኩዝ የሚያዘው በደህናው እጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በደከመው በኩል ይያዙ ብሎ ሲመክራቸው ነበር፤ በግራ ቢይዙትስ በየትኛው ጭብጥ? ደፍና እርከን ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የደከመው።

ፊዚዮቴራፒስቷ በምትለካው መለኪያ ከወንበር ተነስተው ሦስት ሜትር ሄደው ዞረው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ታኅሣሥ ላይ ጭራሽ አልቻሉም። አሁን 34 ሰከንድ። ጤነኛ ሰው ከአሥራ ሁለት በታች ይጨርሰዋል። ዞር ሲሉ በግራ በኩል ነው የሚዘገዩት፤ ግራውን መርሳቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም። የእጃቸው ጣት ይጨብጣል፣ መልቀቅ ግን ይቸግረዋል። ዕርፉን ከያዙ በኋላ በቀኝ እጃቸው ነው የሚያላቅቁት።

እስካሁን የወጣው፦ ብሎኬት 180፣ ሳንቃ 1,100፣ አጠና 1,200፣ ሲሚንቶ 800፣ የሽንት ቤት ሣጥን 950፣ መስታወት 450፣ የግፊት መለኪያ 3,900፣ በረባሶ 350፣ የምርኩዝ ጎማ 120። ድምር 9,050 ብር። መድኃኒትና የወር ቀጠሮው ጉዞ የለበትም፤ የኔ ጉልበትም የለበትም። በሳምንት ሦስቴ ብንመላለስ ኖሮ ይህ የሁለት ሳምንት መንገድ ነው።

ባሩን ያዩ አንዲት የጎረቤት እናት ቤተሰቦች መጥተዋል። እሳቸውንም ስትሮክ ይዟቸዋል፤ የሳቸው በቀኝ በኩል ነው፣ ቃልም ጠፍቶባቸዋል። ልጃቸው የአጎቴን አስፕሪን ስም ጽፌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ሲቲ ስካናቸው ደም መፍሰስ ነው የሚለው። አስፕሪን ለተዘጋ ቧንቧ ነው፤ ለፈሰሰ ደም አደጋ ነው። አልጻፍኩለትም። የፊዚዮቴራፒስቷን ስልክ ሰጠሁት፣ መጀመሪያ ግፊታቸውን እንዲያስለኩ ነገርኩት። በወር አንዴ ደሴ ስንወጣ አብረው መሄድ ይችላሉ፣ ባጃጁም ለሁለት ይከፈላል።

የሳቸው ቤት ደጅ ጠባብ ነው። አግዳሚው ሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃዋል፣ በግራ በኩል አንድ ብቻ። የነቀልነው አጠና በሩ ደጅ ላይ አለ፤ አክስቴ ልትሰጥ ፈቅዳለች። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሲሚንቶ ይዤ እሄዳለሁ፤ የዕርፉን ጎማም በዚያው እለውጣለሁ፣ ላልቷል።